ቅቤ ያልነካው ጣሳ

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቤት ምንም ነገር አይጣልም ነበር። የምድጃው አመድ ተነፍቶ ለዕቃ ማጠቢያ ይቀመጣል። በሎሚው ልጣጭ ድስት ይፈተግበታል። ያረጀ ነጠላ መጀመሪያ መሐረብ፣ ቀጥሎ የዕቃ መወልወያ፣ በመጨረሻም የኩራዝ ክር ይሆናል። የጠርሙስ ክዳን እንኳ ሳይቀር በጨርቅ ተቋጥሮ ከአልጋ ሥር ይገባል፤ ለምን እንደሚሆን እሳቸውም አያውቁትም፣ ግን ይገባል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ጥራጊ የሚባል ነገር ከተገኘም፣ ገረዳቸው ገላነሽ በቅርጫት ተሸክማ በሐረር ግንብ በኤረር በር በኩል ከመውጣቷ በፊት እሜቴ በከዘራቸው እየቆሰቆሱ ይመረምሩታል። «ይቺ ቡሽ ምን አደረገችሽ?» ይላሉ። «ይሄ ምስማር ቢቃና ምን ይለዋል?» ገላነሽ ጎንበስ ብላ ታነሣለች። ከግንቡ ውጭ የሚደፋው አጥንትና ገለባ ብቻ ነው፤ እሱንም ጅቦቹ መጥተው ይጠርጉታል።

ልጃቸው ለገሠ በዚህ ቤት ተወልዶ፣ በዚሁ ቤት ጢም አብቅሎ፣ ሚስት ሳያገባ የቀረ ሰው ነው። ያላገባውም ሴት ጠፍታ አይደለም፤ እናቱ የታጩለትን ሁሉ እንደ ጥራጊው በከዘራ ቆስቁሰው ስለሚመልሷቸው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ለመሆንም ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ እሱ ዘንድ ድፍረት የሚባል ነገር ፈጽሞ አልነበረም። ያሳደገችው ገላነሽ ናት። እናቱ ወልደው ጡታቸው ሲደርቅ ሌሊት ተነሥታ ወተት ያሞቀችለት፣ በጣልያን ጊዜ ከተማው በአውሮፕላን ሲደበደብ አዝላው ወደ ገጠር የሸሸችው እሷ ነች። ለገሠ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ችፍ ይልበታል። እናቱ ይህን ልብ ብለውት አያውቁም። ገላነሽ ግን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለትና «በል አሁን ደግሞ እውነቱን» ትለው ነበር።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አንበጣ ከኦጋዴን በኩል እየተነሣ የሐረርን ዙሪያ ማሽላ ያወድም ነበርና፣ ለገሠ የአንበጣ መርዝ የሚከማችበት መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። መርዙ ነጭ ዱቄት ነው፤ ከፉርሽካ ጋር እየተለወሰ ማሳ ላይ ይበተናል። የሚመጣውም ክዳኑ ግጥም በሚል፣ ውስጡ በሚያብረቀርቅ ትልቅ ጣሳ ነው። ገበሬው ጣሳውን ባየ ቁጥር ይቋምጥ ነበር። ስለዚህ የመጋዘኑ ሹም አቶ እንደሻው ትእዛዝ አወጡ፤ ባዶ ጣሳ ሁሉ በዶማ ተበስቶ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ይቀበር። «አንዲት ጣሳ ከዚህ ግቢ ብትወጣ፣ ያወጣት ሰው ወኅኒ ይወርዳል» አሉ። ይህን ማስፈጸም የለገሠ ሥራ ሆነ። ሲያስፈጽምም ቆየ፣ እናቱ እስኪጠይቁት ድረስ።

ፍልሰታ እየቀረበ ነበር። ነሐሴ ሰባት ቀን የማርያም ማኅበር ተራው የወይዘሮ ተናኘወርቅ ነው። ማኅበርተኛው ከቅዳሴ ወጥቶ እሳቸው ቤት ይገባል፤ በጾም ደግሞ ያለ ሱፍ ማኅበር አይደምቅም። ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ፣ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ክዳን ባለው ዕቃ ማደር አለበት። ችግሩ ዕቃው ነው። «መጋላ ገበያ ላይ ያለ ጣሳ ሁሉ ቅቤ ነክቶታል» አሉ እሜቴ። እውነታቸውን ነው፤ የሱማሌ ቅቤ ወደ ከተማ የሚመጣው በጣሳ ነው፣ ጣሳው ለቤት ዕቃነት የሚሸጠውም ቅቤው ካለቀ በኋላ ነው። ቢፈትጉት ቢፈትጉት ሽታው አይለቅም። የጾምን ነገር ቅቤ በነካው ዕቃ ለማኅበር ማቅረብ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ከሞት አይተናነስም።

«አንተ ያን ሁሉ ጣሳ መሬት ታበላለህ አሉ» አሉት ልጃቸውን። «ለእናትህ አንዲት አጣህ?»

ለገሠ እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም። በማግስቱ አንዲት ያልተበሳች ጣሳ በካፖርቱ ጠቅልሎ አመጣ። እሜቴ ክዳኑን ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ፣ አሸተቱ፣ በጥፍራቸው አንኳኩ።

«ምን ነበረበት?»

«መድኃኒት።»

«ቅቤ ነክቶታል?»

«ኧረ ቅቤስ አልነካውም። ግን እማዬ፣ ለሚበላ ነገር አይሆንም። ሳሙና አስቀምጪበት።»

«ቅቤ ካልነካው ንጹሕ ነው» አሉ እሜቴ፣ ፊታቸው በርቶ።

«መርዝ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥታ ነበር። ዋጣት። እናቱ ምሥጢር አይቋጥሩም፤ ዛሬ የነገራቸውን ነገ ማኅበርተኛው ሁሉ ይሰማዋል፣ አቶ እንደሻው ደግሞ ማኅበርተኛ ናቸው። ሳሙና አስቀምጪበት ብያታለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበላት ብሎ ራሱን አጽናና። ራሱን ማጽናናት መቼም ይችልበታል።

ጣሳውን በአመድና በአሸዋ የፈተገችው ገላነሽ ናት። እጣቢውን ግቢው ጥግ ደፋችው፤ የቤቱ ድመት ቀመሰችው። ድመቷ እስከ ቀትር እየተንከባለለች ጮኸች፤ ከዚያ ዝም አለች።

ለገሠ ያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ ገላነሽን በር ላይ ከዓብዱላሂ ጋር አገኛት። ዓብዱላሂ ከግንቡ ውስጥ፣ በጁገል፣ በር ለበር እየዞረ ባዶ ጠርሙስና ቆርቆሮ በብርጭቆና በሳህን የሚለውጥ ሰው ነው። የማይቀበለው ነገር የለም፤ የተሰበረ መብራት፣ አንድ እግሩ የጠፋ ጫማ፣ ሁሉም አህያው ላይ ካለው ጆንያ ይገባል። አሁን ግን ገላነሽ ጣሳውን ስትዘረጋለት ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር።

«ወላሂ አልነካውም! አቦ፣ ይሄ እኮ የአንበጣው ነው። ድሬ ጠያራ ገጠር አንድ ገበሬ እንዲህ ያለ ጣሳ አግኝቶ ላሙን ውሃ አጠጣበት። የማታው መግሪብ ሳይደርስ ወደቀች። ሥጋዋን የበላው ዋራባም፣ ጅቡም፣ እዚያው ተዘረረ። ሐራም ነው፣ ቅበሪው!»

ለገሠን ሲያይ ዞር አለና «ጌታው፣ አንተ እዚያ አይደል የምትሠራው? ንገራት እንጂ» አለው።

«ሂድ ከዚህ!» ጮኸበት ለገሠ። «ያልሆነ ወሬ እያወራህ ሰው ታሸብራለህ? ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ!»

ዓብዱላሂ «አስተግፊሩላህ» እያለ አህያውን ነድቶ ሄደ። ገላነሽ ጣሳውን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች።

«ልጄ፣ እውነቱን ነው እንዴ? ድመቷም ሞታለች እኮ።»

«ድመት ስንት ነገር በልታ ትሞታለች ገላዬ። ይሄ ሌላ ጣሳ ነው። ምንም የለበትም።»

ቀና ብላ ከንፈሩን አየችው። «አልቦሃል።»

«ፀሐዩ ነው» አለ።

ዝናብ ያዘለ የሐምሌ ሰማይ ነበር፤ ፀሐይ የሚባል ነገር ከጠዋት ጀምሮ አልታየም። ገላነሽ ግን ጌታዋን ውሸታም አትልም። «እንግዲህ አንተ ካልክ» ብላ ገባች። ለገሠም ነገ ጣሳውን ሰርቄ አወጣና መጋዘኑ ወስጄ እቀብረዋለሁ ሲል ወሰነ። የሱ ውሳኔ ሁሉ ለነገ ነው።

ገላነሽ ግን ነገን አልጠበቀችም። በማግስቱ ማለዳ ለገሠ ሻዩን ሲጠጣ ግቢው ውስጥ የእናቱ ጩኸት ተሰማ። እሜቴ እንደ ልማዳቸው ጥራጊውን ሊመረምሩ ወጥተው፣ ከቆሻሻው ክምር አጠገብ አዲስ የተቆፈረ አፈር አይተዋል። በከዘራቸው ሲወጉት ቆርቆሮ ጮኸ።

«አውጪው!» አሉ። «በምን? በእጅሽ ነዋ! በእጅሽ ቀብረሽው የለም?»

ለገሠ በመስኮቱ አየ። ገላነሽ ተንበርክካ በጥፍሯ አፈር ትቧጥጣለች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ጉልበቷ ከመታመሙ የተነሣ ስትንበረከክ እንኳ ግድግዳ ይዛ ነው። ጣሳውን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችው።

«እሜቴ፣ ይሄ ነገር ደግ አይመስለኝም። ልዋጩም ሸሸው፣ ድመቷም…»

«አፍሽን ዝጊ! የኔን ዕቃ ለእስላም ልትሰጪ ነበር ለካ! ስሚ ገላነሽ። ስትሞቺ ከእናቴ መቃብር ግርጌ አስቀብርሻለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼሻለሁ። ወገን የለሽ፣ ዘመድ የለሽ፣ ከኔ ሌላ የሚቀብርሽ የለም። ሁለተኛ በዚህ ጣሳ አፍሽን ብትከፍቺ፣ ከኤረር በር ውጭ ነው የማስጥልሽ። ለጅብ!»

ገላነሽ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር ያ መቃብር ብቻ ነበር። ደመወዝ ጠይቃ አታውቅም፣ ቀሚስ ጠይቃ አታውቅም። በየዓመቱ ለፋሲካ የእሜቴን እናት መቃብር አረም ስትነቅል፣ ከግርጌው ያለችውን ባዶ ቦታም አብራ ታርማት ነበር። ስለዚህ የለገሠን «ምንም የለበትም» ይዛ ጣሳውን ወደ ጓዳ መለሰችው። ሻዩ ውስጥ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ ለገሠ ግን ማማሰሉን አልተወም።

ማታ ራት ላይ እናቱን «ያን ጣሳ ሳሙና አደረግሽበት?» ብሎ ጠየቃቸው። «አደርግበታለሁ፣ አደርግበታለሁ» አሉት። ያንን አመነ። ማመን የፈለገ ሰው ብዙ ነገር አይጠይቅም።

ነሐሴ ሰባት ደረሰ። ማኅበርተኛው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ሳሎን ዙሪያውን ተቀመጠ። አቶ እንደሻው እንደ ሹምነታቸው ከቄሱ ቀጥሎ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ናቸው። ለገሠ ጠላ ይቀዳል። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጨዋታው ሲጀመር አቶ እንደሻው ጢማቸውን እየዳበሱ ወደ እሜቴ ዞሩ።

«ልጅዎ መቼም ተባርኳል ወይዘሮ ተናኘወርቅ። ያ መርዝ ስንት ነገር አለበት መሰለዎ! በሌላው መጋዘን ጣሳው እየተሰረቀ ወጥቶ ገበሬ ፈጀ፤ ሁለት ጠባቂ አሁን ወኅኒ ነው ያለው። የኛ ግን እድሜ ለለገሠ፣ አንዲትም አልወጣች። በስተን፣ ቀብረን፣ ጨርሰን። ለመስከረም ዕድገት ጽፌለታለሁ።»

ማኅበርተኛው «እሰይ» አለ። እሜቴ እንባ እንባ እያላቸው ልጃቸውን አዩት። ለገሠ የሚቀዳውን ጠላ ከዋንጫው አፍ አሳልፎ አፈሰሰው። ከደስታ ነው ተባለለት።

ወዲያው ገላነሽ ከጓዳ ወጣች። በአንድ እጇ ትልቅ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ዋንጫ ይዛለች። ለገሠ ማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ነጩን ነገር አየ። ጎንበስ ብሎ በእናቱ ጆሮ «ሱፉ በምንድን ነው ያደረው?» አለ።

«በጾሙ ጣሳ ነዋ» አሉት በኩራት። «ቅቤ ያልነካው።»

ለገሠ ግድግዳ ተደገፈ።

በእንዲህ ያለው ቤት ገረድ የምታቀርበውን ሁሉ አስቀድማ በመዳፏ አፍስሳ ትቀምሳለች። እንግዳው ፊት፣ በግላጭ። ገላነሽ ይህን ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው የኖረች ናት፤ ከልማድ የተነሣ እጇ ራሱ ያውቀዋል። ከቄሱ ፊት ቆመች። ሱፉን በግራ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ወደ አፏ ስትወስደው ግን፣ ማን ያውቃል ምን እንዳላት፣ ዓይኗን ወደ ለገሠ አነሣች።

የላይኛው ከንፈሩ በላብ ተጠምቆ ነበር።

እጇ አየር ላይ ቆመ። እንግዶቹ ጠበቁ። ገላነሽ መዳፏን ቀስ ብላ ዘቀዘቀችው፤ ሱፉ ቄጠማው ላይ ፈሰሰ።

አንዲት አሮጊት ማኅበርተኛ «በስመ አብ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። «ገረድ አልቀምስም ካለች ምን አድርጋበት ነው?»

«ቅመሽ እንጂ!» አሉ እሜቴ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ሃያ ሰው ፊት፣ በማርያም ማኅበር፣ በገዛ ቤታቸው!

«እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አይጠጣም። ማንም አይጠጣው። ጣሳው ነው። ድመቷንም የገደላት እሱ ነው።»

«ለካ ለዚህ ኖሯል!» ጮኹ እሜቴ። «ሰሞኑን ጉድጓድ ስትቆፍር፣ ዕቃዬን ስትደብቅ ነበር የያዝኳት! ድመቴንም ሞክራባት ኖሯል! ልትፈጀን ነው!»

ማኅበርተኛው ተንጫጫ። ከፊሉ ከመቀመጫው ተነሣ። አቶ እንደሻው ግን ዋንጫቸውን አስቀምጠው «ቆይ» አሉ። «የምን ጣሳ ነው?»

ገላነሽ ወደ ለገሠ ዞረች። «ልጄ ያውቃል። ንገራቸው ልጄ።»

ዓይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። እናቱም አዩት፣ ቄሱም አዩት፣ አቶ እንደሻው ከሁሉም በላይ አዩት። ወኅኒ ታየው። ዕድገቱ ታየው። በፖሊስ ተይዞ በፈረስ መጋላ አደባባይ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ከየሱቁ ብቅ ብሎ ሲያየው ታየው። ገላነሽ አልታየችውም። እዚያው ፊቱ ቆማ፣ መዳፏ ሱፍ እንደነካው፣ ፈጽሞ አልታየችውም።

«የዘይት ጣሳ ነው» አለ። «ከመጋላ ነው የገዛሁት። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

አቶ እንደሻው ትንፋሻቸውን ለቀቁና ዋንጫቸውን መልሰው አነሡ። ከዚህ በኋላ ያለው ለእሳቸው የገረድ ጉዳይ ነው።

እሜቴ ጣሳው ከየት እንደመጣ ያውቁ ነበር፤ ልጃቸውን ግን ማኅበርተኛው ፊት ውሸታም አያሰኙም። ማንቆርቆሪያውን ከገላነሽ እጅ ነጠቁ። ዋንጫውን እስከ አፉ ሞሉና ዘረጉላት። «እንግዲያው ጠጪው። ንጹሕ ከሆንሽ ማኅበርተኛው ፊት ጠጪውና ቤቴን አንጪልኝ። አልጠጣም ካልሽ ፖሊስ ይጠራል፣ የሰቀለሽም ይስቀልሽ።»

የግቢው በር ክፍት ነበር። ትታው ልትወጣ ትችል ነበር፣ ይላል ለገሠ ለራሱ እስከ ዛሬ ድረስ። ማን አስገደዳት? ይላል። ገላነሽ ግን ወደ በሩ አላየችም። ዋንጫውን ተቀበለች። ከዚያ ወደ ለገሠ ሁለት እርምጃ ቀረበችና፣ የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ፣ የላይኛውን ከንፈሩን ጠረገችለት። ልጅ ሳለ እንደምታደርገው። ነገር ግን «በል አሁን ደግሞ እውነቱን» አላለችውም። ትንሽ ጠበቀች። እሱ ዓይኑን ወደ ቄጠማው ጣለ።

ጠጣችው። ሳትተነፍስ፣ እስከ አተላው።

«አያችሁ» አሉ እሜቴ። በሩ ሥር አስቀመጧትና ሁሉም ያያት ጀመር። መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። አንዲቱ አሮጊት ሳቅ ብለው «የአሮጊት ነገር፣ ዝም ብላ ነው» አሉ፤ ሌላው ማንቆርቆሪያውን ወደ ራሱ ሊስብ እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ ገላነሽ ሆዷን ይዛ ጎበጠች።

ማኅበርተኛው በአንድ አፍታ ግቢውን ለቆ ወጣ። እየወጡ «ማርያም አዳነችን» ይባባላሉ። «ያቺ ሥራየኛ! ይሄን ሁሉ ዘመን አብልተው አሳድረዋት!» ቄሱ በሩ ላይ ፈራ ተባ ብለው አማተቡና ሄዱ። አቶ እንደሻው ለገሠን ትከሻውን ያዝ አድርገው «አይዞህ፣ የቤት ጠላት ማንንም ያጋጥማል» አሉት።

ገላነሽ ዕቃ ቤት ወለሉ ላይ ተጋደመች። ያወጣችውን ደም ለማውራት ይከብዳል። ውሃ ውሃ ትላለች፤ የሰጧትን ሁሉ ትመልሳለች። ጩኸቱ ግንብ ተሻግሮ ጎረቤታቸው ሙና ዘንድ ደረሰ። ሙና ሻሿን እንኳ ሳታስተካክል፣ አንድ ትልቅ ሳህን ወተት ይዛ መጣች።

«ያ አላህ! መርዝ ለነካው ሰው ወተት ነው። ቶሎ አጠጧት!»

እሜቴ በሩ ላይ ቆሙ። «በፍልሰታ? በእመቤቴ ጾም ወተት ቤቴ አይገባም! እሷም ቆራቢ ናት። ጾም አስፈትቼ ነፍሷን ልግደላት?»

«ሴትዮዋ እየሞተች ነው እኮ!»

«ብትሞትም በጾሟ ትሙት።»

ሙና ክርክሩን ትታ ሳህኑን ለለገሠ አስያዘችው። ወተቱ ሞቅ ያለ ነበር፤ ሌሊት ተነሥታ ታሞቅለት የነበረው ወተት ትዝ አለው። ከዕቃ ቤቱ ወለል ሆና ገላነሽ አየችው። ከእሷ የሚለየው ጥቂት እርምጃ ነው። «ለገሠ!» አሉ እናቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ሳህኑን ለሙና መለሰላት።

ሙና በአማርኛም በሐረሪም የማይደገም ነገር ተናግራ ወጣች። ገላነሽ የመግሪብ አዛን ከመጠራቱ በፊት ሞተች። በመጨረሻ የተናገረችው ነገር የለም፤ ለገሠ ግን እየደጋገመ «ሳትናገር ሞተች» እያለ ያስባል፣ እሱን ላለማጋለጥ አልናገርም ብላ መሆኑን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስብ።

እሜቴ ከሬሳው አጠገብ ቆመው ልጃቸውን አዩት። ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያዩት።

«አንተ የምታውቀው ነገር አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው የለም» አሉ። ሁለተኛ አልጠየቁትም።

ደብሩን ያስፈቀደ አልነበረም። እሜቴ «ማኅበር ሊፈጅ መርዝ የበጠበጠ ሰው ከእናቴ ግርጌ አይተኛም» ብለው ቆረጡ። ፖሊስም አልተጠራ፤ ማኅበርተኛው የራሱ ስም ከመርዝ ጋር እንዳይነሣ ስለፈለገ አፉን ዘጋ። በማግስቱ ለገሠ ሁለት ኩሊ ይዞ ከኤረር በር ውጭ ወጣ። ቦታው ገላነሽ ዕድሜዋን ሙሉ የቤቱን ጥራጊ ስትደፋበት የኖረችው ነው። ከእሜቴ ቤት የወጣው አጥንት ሁሉ እዚያ አለ። ዝናብ መጣና ኩሊዎቹ ቸኮሉ። ለገሠ ጠለቅ አድርጉት ሊላቸው ፈለገ፤ ጣሳ እንኳ ጠለቅ ብሎ እንዲቀበር በየቀኑ ሲያዝ የኖረ ሰው ነው። አላላቸውም። ሌሊቱ ሲነጋ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ፣ አጠገቡ ጅብ ሞቶ ተገኘ። ከተማው ይህን ሰምቶ ተገረመ፤ ክፋቷ ለጅብም ተረፈ ተባለ። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ያን ቀን በሌላ በር ዞሮ ሥራው ገባ።

እሜቴ ያዘኑት ለሱፉ ነው። በዚያ ቤት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ነገር ተደፋ። «ያን ሁሉ ሱፍ አስደፋችኝ» እያሉ ለሳምንት አለቀሱ። ሌላው ግን አልተጣለም። የገላነሽ ቀሚስ ለወለል መጥረጊያ ሆነ። ነጠላዋ ገና ደህና ነበር፤ ታጥቦ፣ በአራት ተቀዶ፣ ዳር ዳሩ ተዘመዘመ።

ለገሠ በመስከረም ዕድገቱን አገኘ።

የነቢያት ጾም ሲገባ እሜቴ አዲስ ገረድ አግኝተው ነበር፤ ከገጠር የመጣች፣ ገና ቤቱን ያልለመደች ልጅ። አንድ ቀን ለገሠ ምሳ ሊበላ ሲቀመጥ፣ ልጅቷ ከመደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ ባለ ክዳን ጣሳ አውርዳ መጣች።

«እሜቴ፣ ሱፉን በዚህ ላድርገው?»

«አዎ፣ እሱ የጾም ነው» አሉ። «ጥሩ ጣሳ ነው። ቅቤ ነክቶት አያውቅም።»

ለገሠ ጣሳውን አየ። የክዳኑ ስፌት ውስጥ ነጭ ነገር ያለ መሰለው፤ ሳሙናም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ታጥቧል አለ በሆዱ። አሁን ብናገር ያኔ ለምን ዝም አልክ እባላለሁ አለ። ነገ አለ። ልጅቷ ሱፉን ቀዳችና በልማዱ መሠረት መዳፏን ዘረጋች።

«እኔ ዘንድሮ አልጾምም» ብሎ ለገሠ ከገበታው ተነሣ። «ሐኪም ከልክሎኛል። ውጭ እበላለሁ።»

«ምን ሆነህ ነው? አልቦሃል እኮ» አሉት እናቱ። ከአጠገባቸው ካለው ሙዳይ አንድ ነጭ መሐረብ አውጥተው ሰጡት። ዳሩ አዲስ ተዘምዝሟል፣ ጥለቱ ግን የድሮው ነው፤ ለገሠ በልጅነቱ ገላነሽ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚቆጥረው ጥለት።

ተቀብሎ ከንፈሩን ጠረገና ወጣ።